የሃዋይ ስቲል ጊታር በፌስቲቫልና በትምህርት ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሃዋይ ስቲል ጊታር ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

ጭን ላይ በጀርባው አስተኝተው የሚጫወቱት ጊታር ነው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን አይጫኑም። ተጫዋቹ የተወለወለ ድብልብል ብረት ይይዝና ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሁለት ወይም ሦስት ጣቶች ፒክ የሚሉትን የጣት መምቻ አጥልቀው ክሩን ይመታሉ። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው የተወጠሩ ስለሆነ ብረቱ እንጨቱን አይነካም።

ድምፁን በጆሮው ያልሰማ ሰው መሰንቆን ያስብ። መሰንቆ ላይ ድምፅ በየቦታው አልታጠረም። ጣት ሲሄድ ድምፁም አብሮ ይሄዳል፣ ይለማመጣል፣ ያለቅሳል። ስቲል ጊታር ይህንኑ ጠባይ ይዞ ሁለትና ሦስት ክር በአንዴ ያንሸራትታል። ሃዋያውያን በራሳቸው ቋንቋ ኪካ ኪላ ይሉታል።

ማን ፈጠረው?

በሰፊው የሚጠራው ስም ጆሴፍ ኬኩኩ ነው። በ1874 ኦአሁ ደሴት ላይ፣ ላይኤ በምትባል መንደር ተወለደ። ሆኖሉሉ ውስጥ በካሜሃሜሃ የወንዶች ትምህርት ቤት ሲማር፣ በ1889 አካባቢ፣ ብረት ክር ላይ ማንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ የተጠቀመበት ነገር ላይ ግን ወሬው ብዙ ነው። አንዱ ከባቡር ሐዲድ ዳር ያነሳው ብሎን ነው ይላል። ሌላው የፀጉር ማበጠሪያ፣ ሌላው የሰንጢ ጀርባ ይላል። ከእሱ በፊት ጄምስ ሆአ ወይም ከህንድ የመጣው ገብርኤል ዳቪዮን ነው የጀመረው የሚሉም አሉ።

እኔን የሚያሳምነኝ ክርክር ቀላል ነው። አንድ ቀን ክር ላይ ብረት ያሳረፈ ሰው ብዙ ሊሆን ይችላል። ኬኩኩ ግን ነገሩን የአጨዋወት ስልት አደረገው፣ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹም አሳያቸው። ስቲል ጊታር ገና ከጅምሩ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ የነበረ ነገር ነው። ኬኩኩ በ1904 ከሃዋይ ወጥቶ አሜሪካን፣ ከዚያም አውሮፓን እየዞረ ተጫወተ፣ አስተማረ። በ1932 ኒው ጀርሲ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ላይኤ በሚገኘው የፖሊኔዥያ የባህል ማዕከል ሐውልት ቆሞለታል።

ከኡኩሌሌ ወይም ከስላክ ኪ ጊታር ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የኡኩሌሌ ወላጆች ከፖርቱጋሏ ማዴራ ደሴት በ1879 በመርከብ ከመጡ ሠራተኞች ጋር ሃዋይ የገቡ ትንንሽ የክር መሣሪያዎች ናቸው። ስላክ ኪ ደግሞ ተራ ጊታር ነው። አንዳንድ ክሮቹ ላላ ተደርገው ይቃኛሉ፣ በጣት እየተጫኑም ይጫወቱታል። ብረት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የሃዋይ ግዛት በ2015 ይፋዊ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሰይም ከዘመናዊዎቹ ኡኩሌሌን፣ ከጥንታዊዎቹ ፓሁ የሚባለውን ከበሮ መረጠ። እዚያው ደሴቱ ላይ የተወለደው ስቲል ጊታር ከሰልፉ ውጭ ቀረ። ኡኩሌሌን የሚጠላ የለም፤ ግን ቅር ያሰኛል።

ያን ያህል ዝነኛ ከነበረ ለምን ተዳከመ?

ዝናውስ እውነት ነበር። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሃዋይ ድንኳን ሙዚቃ አሜሪካውያንን አሳበደ። በቀጣዩ ዓመት የሃዋይ ሸክላ ከማንኛውም የሙዚቃ ዓይነት በላይ ተሸጠ ይባላል። በ1932 ገበያ ላይ የዋለው የሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቅርፁን አይተው መጥበሻ ያሉት፣ ጭን ላይ የሚጫወቱት የሃዋይ ጊታር ነበር። ዛሬ የሮክ ባንድ ሁሉ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ጊታር በገበያ የተሳካለት መጀመሪያ በዚህ መልክ ነው። ከ1935 እስከ 1975 ደግሞ «ሃዋይ ኮልስ» የተሰኘው የሬዲዮ ፕሮግራም ከዋይኪኪ ይህንኑ ድምፅ ለዓለም ሲያሰማ ኖረ።

ከዚያ ብዙ ነገር ተደራረበ። ሮክ መጣ። የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ መዲና የሆነችው ናሽቪል መሣሪያውን ወስዳ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ጨመረችበትና የዚያ ሙዚቃ ድምፅ አደረገችው። ሆቴሎች ወጪ ሲቀንሱ አራት ሰው የነበረው ባንድ ሁለት ሰው ሆነ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ስቲል ተጫዋቹ ነበር። በ1970ዎቹ የሃዋይ ባህል ሲያንሰራራ ወጣቱ ወደ ስላክ ኪ አዘነበለ፤ ስቲል ጊታር የቱሪስት ሙዚቃ መስሎ ታየው። የስላክ ኪ አባት የሚባለው ጋቢ ፓሂኑዊ ራሱ የተዋጣለት ስቲል ተጫዋች እንደነበረ ብዙዎች ዘነጉት።

አንድ ሌላ ምክንያት ግን ከውጭ የመጣ አይደለም። የድሮ ተጫዋቾች ቅኝታቸውን ይደብቁ ነበር። ሰው እጃቸውን እንዳያይ ጀርባቸውን የሚሰጡ ነበሩ። ከመድረክ ሲወርዱ ክሩን አበላሽተው የሚሄዱም ነበሩ። ቅኝት እንጀራ ነውና አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የተደበቀው ሁሉ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ወረደ።

ዛሬ የትኞቹ ፌስቲቫሎች አሉ? ማንስ ያዘጋጃቸዋል?

በሃዋይ በብዛት የሚጠቀሰው አለን አካካ ነው። ራሱ የታወቀ ተጫዋች ነው። ካይሉዋ ውስጥ ኬ ኩላ ሜሌ ሃዋይ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለው። ሂሜሌ ተብሎ የሚጠራው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅቱ ደግሞ የማዊን፣ የዋይኪኪንና የካዋይን የስቲል ጊታር ፌስቲቫሎች ሲያዘጋጅ ቆይቷል። የማዊው ካናፓሊ የባህር ዳርቻ ላይ ባለ ሆቴል፣ የዋይኪኪው በሮያል ሃዋያን የገበያ ማዕከል ግቢ ተካሂደዋል። ሰው ለሌላ ጉዳይ የሚመላለስበት ቦታ መመረጡ ብልህነት ነው። ካልሲ ሊገዛ የወጣ ሰው ሳያስበው ቆሞ ያዳምጣል።

ከደሴቶቹ ውጭ በ1985 የተመሠረተው የሃዋይ ስቲል ጊታር ማኅበር አለ። ለብዙ ዓመታት ኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት ከተማ ይሰበሰብ ነበር፤ በኋላ ወደ ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ሄዷል። ጃፓን ውስጥም ከሆኖሉሉ ከሄደው ተጫዋች ከበኪ ሺራካታ ዘመን ጀምሮ የጠና አፍቃሪ አለው።

ፌስቲቫሉ ላይ ምን ይደረጋል? የማይጫወት ሰው ቢሄድ ጥቅም አለው?

ቀን ቀን ዎርክሾፕ፣ ማታ ማታ ኮንሰርት ነው። ሁላ የተባለውን የሃዋይ ጭፈራ የሚጨፍሩ ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው በነፃ ነው። መድረኩ ካበቃ በኋላ ካኒካፒላ የሚሉት አለ። ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ጀማሪው ከባለሙያው ጎን ሆኖ ይጫወታል። ማንም ማንንም አይፈትንም። በእኔ ግምት ከኮንሰርቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ሰዓት ነው። በመድረክና በወንበር መካከል የነበረው ርቀት ይጠፋል፤ ልጁ የጌታውን እጅ ከአንድ ክንድ ርቀት ያያል።

ለማይጫወተውም ቢሆን መቀመጥ በቂ ነው። ጆሮ የለመደ ሰው ለልጁ መሣሪያ ይገዛል፣ ሠርግ ሲደግስ ባንዱን «ስቲል አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ ፌስቲቫል ብቻውን መሣሪያውን ያድነዋል?

አያድነውም። ፌስቲቫል አድማጭ ይፈጥራል፤ ተጫዋች የሚፈጥረው አስተማሪ ነው። ለዚህ ከጄሪ በርድ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1920 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ፣ ናሽቪል ውስጥ ትልቅ ስም ነበረው። በ1972 ሆኖሉሉ ሄደና ቀረ። ያገኘው በየሆቴሉ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችና የሚተካቸው ወጣት የሌለበት ከተማ ነው። ማስተማር ጀመረ። ሌላው የሚደብቀውን እሱ ወረቀት ላይ አስፍሮ ይሰጥ ነበር። አለን አካካ የእሱ ተማሪ ነው። ከሴት ተጫዋቾች ስሟ የሚነሳው ኦዋና ሳላዛርም እንዲሁ። ጄሪ በርድ በ2005 ሲሞት ተማሪዎቹ ራሳቸው አስተማሪዎች ሆነው ነበር።

ስለዚህ ፌስቲቫል የምታዘጋጁ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ። ልጁ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሚቀጥለው ሳምንት የት እንደሚማር ይወቅ። ቦታውንና ሰዓቱን የያዘች ብጣሽ ወረቀት ከሚያምር ፖስተር ትበልጣለች።

ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚጀመረው?

ሃዋይ ውስጥ ሕጉ ያግዛል። በ1978 የተሻሻለው የግዛቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሃዋይን ቋንቋ፣ ባህልና ታሪክ እንዲያስተምሩ ያዛል፤ የአካባቢውን አዋቂዎች እውቀት መጠቀምንም ያበረታታል። አንድ ተጫዋች የመምህርነት ወረቀት ባይኖረውም እንግዳ ሆኖ ክፍል የሚገባበት በር አለ ማለት ነው።

በተግባር የሚሠራው መንገድ በሦስት እርከን ነው። መጀመሪያ አጭር ትርኢት፦ ሁለት ሦስት ዘፈን፣ አንድ የኬኩኩ ታሪክ። ታሪኩን አትዝለሉት፤ እኩያቸው የሆነ ተማሪ መሆኑን ሲሰሙ ልጆች ጆሯቸው ይቆማል። ከዚያ ወዲያው እዚያው ጊታሩን ጭናቸው ላይ ማድረግ። ንግግር ከበዛ ልባቸው ይሸሻል። ሦስተኛው፣ ቢያንስ አንድ መንፈቅ የሚዘልቅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለ ክበብ። ብዙ የሃዋይ ልጆች ኡኩሌሌ ስለሚሞክሩ ኮርድ፣ ማለትም በአንዴ የሚመቱ ድምፆች፣ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ግማሹ ክፍል በኡኩሌሌ ሲያጅብ ግማሹ በስቲል ዜማውን መሞከር ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ሦስተኛው እርከን ነው። ትርኢቱ ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ርዕሰ መምህሩ ያመሰግናሉ፣ ከዚያ ዝም።

ልጅ በስንት ዓመቱ ሊጀምር ይችላል? ከባድ አይደለም?

ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይበቃል። እንዲያውም ከተራ ጊታር በአንድ ነገር ይቀላል፤ ክር መጫን ስለሌለ ጣት አያምም። ትንሽ እጅ ያለው ልጅ ቀለል ያለ ቀጭን ብረት ይሰጠው።

ከባዱ ጆሮና ዓይን ነው። ተራ ጊታር ላይ ጣት ከፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱን ከሚያቋርጠው መስመር፣ ትንሽ ወደኋላ ብሎ ያርፋል። እዚህ ግን ብረቱ ልክ ከፍሬቱ መስመር በላይ መሆን አለበት። ግማሽ ጣት ካለፈ ድምፁ ይበላሻል። አጭር ልጅ ደግሞ ከጎን ስለሚያይ ብረቱ መስመሩ ላይ የደረሰ ይመስለዋል፣ ድምፁ ግን ጎርበጥ ይላል። እጁን አትቆጡ። ወንበሩን ከፍ አድርጉለትና ከላይ ቁልቁል እንዲያይ አድርጉት። ወዲያው ይስተካከላል። ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ከብረቱ ኋላ ያለው ክር መንጫጫቱ ነው። የግራ እጅ ትርፍ ጣቶች ከብረቱ ኋላ ክሩ ላይ ለስለስ ብለው ሲተኙ ጫጫታው ይቆማል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያረመ አስተማሪ የመጀመሪያውን ወር ተሻግሯል።

ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከሌለውስ?

ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ጊታር አይጠፋም። ጥቂት ዶላር የምታወጣ፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ሥር የምትገባ የብረት ማስነሻ አለች። እሷን አስገብታችሁ ክሮቹን ከፍ ካደረጋችሁ ተራው ጊታር ስቲል ጊታር ሆነ። አንገቱ የጎበጠ ቢሆንም ግድ የለም፤ ክሩ አንገቱን አይነካማ። ብረትና ፒክ ብቻ ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሮጌ ጊታርን ወደ ሃዋይ ኤ ቅኝት ስትወስዱ ሦስት ክሮች ከተለመደው በላይ ይወጠራሉ፤ ክር ሊበጠስ፣ የተዳከመ እንጨትም ሊነሳ ይችላል። የጂ ቅኝት ግን ሦስት ክሮችን ያላላል እንጂ አንዱንም አያጠብቅም። ለአሮጌ ጊታር ጂ ይሻላል። ክበቡ ከጠና በኋላ ርካሽ ባለ ስድስት ክር ኤሌክትሪክ ገዝቶ ለተማሪ በውሰት መስጠት ይቻላል። ባለ ስምንት ክሩን ለጊዜው እርሱት።

የትኛውን ቅኝት እናስተምር?

ተጫዋቾችን ሰብስባችሁ ይህን ብትጠይቁ እስኪመሽ ይከራከራሉ። ለጀማሪ ልጅ ሜጀር ቅኝት፣ ጂ ወይም ኤ፣ ጥሩ ነው። ብረቱ የትም ቢያርፍ ሙሉ ኮርድ ይወጣል፤ ልጁ በአምስት ደቂቃ ሙዚቃ ሠራሁ ይላል። ከዚያ ሲ ስድስት ይከተላል፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው የማስተማሪያ ጽሑፍ በዚህ ቅኝት ስለሆነ ተማሪው ብቻውን አይቀርም። ቢ አሥራ አንድ የሚባለው ውብ ነው፣ ግን ይቆይ።

እኛ አገር ሰዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ትዝታ ይጫወታል ወይ? በደንብ። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሲ ስድስት ላይ አራቱ ያለ ብረት ተዘርግተው ይጠብቃሉ፤ የቀረችው ሬ የዶ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ናት። ህንዶች ይህን መሣሪያ ወስደው ራጋ የሚሉትን የዜማ ስልታቸውን ሲጫወቱበት ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የሃዋዩ ተጫዋች ታው ሞኤ ከቤተሰቡ ጋር ካልካታ ኖሮ ነበር፤ ዛሬ ህንዳዊው ተጫዋች ደባሺሽ ባታቻሪያ ስሙ የገነነ ነው።

ሃዋያዊ ያልሆነ ሰው ቢያስተምረው የሰው ባህል መውሰድ አይሆንም?

ጄሪ በርድ የኦሃዮ ልጅ መሆኑን አይተናል፤ ዛሬ ከሚያስተምሩት ሃዋያውያን ብዙዎቹ ለእሱ ባለውለታ ናቸው። ስለዚህ ከየት መጣህ የሚለው ብቻውን መልስ አይሰጥም። ቅሬታው ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይህ ድምፅ ለብዙ ዓመታት የሣር ቀሚስና የኮክቴል መጠጥ ማጀቢያ ሆኖ ተሸጧል፤ የፈጠረውን ልጅ ስም የሚያውቅ ሳይኖር።

የሚለየው አስተማሪው የሚያስተምረው ነገር ነው። በ1893 ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ከዙፋን ከወረዱ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ የሃዋይን ቋንቋ ከትምህርት ቤት አስወጣ። ቋንቋው በዘፈን ውስጥ ተሸሽጎ ቆየ። ስለዚህ ልጁ ዜማውን ሲማር ግጥሙንም ይማር፣ ምን እንደሚል ይወቅ፣ የደሴቱንና የነፋሱን ስም በትክክል ይጥራ። ጥሩ ስቲል ተጫዋች ዘፋኙ በሚተነፍስበት ቦታ ነው የሚገባው። ግጥሙን የማያውቅ ዘፋኙ ላይ ይደርብበታል፤ ይህን አድማጭም ይሰማዋል።

ልጆቹ ሲያድጉ የት ይጫወታሉ?

ይህ ነው የሚያስጨንቀው ጥያቄ፣ ብዙ አዘጋጅም ይሸሸዋል። አሥር ዓመት የለፋ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚቀጥረው ሆቴል ከሌለ ጊታሩ አልጋ ሥር ይገባል። ሁለት ሰው የለመደ ሆቴል ለሦስተኛ ሰው እንዲከፍል የሚያደርገው እንግዳው ሲጠይቅ ነው፤ ጠያቂውን ደግሞ ፌስቲቫሉ ያፈራል። ስለዚህ ስፖንሰር ስትለምኑ የባነር ቦታ ብቻ አትሽጡ። ሆቴሉ በሳምንት አንድ ምሽት ለወጣት ስቲል ተጫዋች እንዲሰጥ ተነጋገሩ፣ ክፍያውንም ጨምራችሁ በውሉ ውስጥ አስገቡት። የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ስትጽፉም ስንት ልጅ ትርኢት አየ የሚለውን ወደታች አውርዱት። ከዓመት በኋላ ስንቱ አሁንም እየተጫወተ ነው የሚለውን ከላይ ጻፉት። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ጻፉት።